የወርቅ ሽያጭ፣ ክፍያና መተማመን በመቱና በሁሩሙ

በበደሌና በመቱ መካከል የምትገኘው ሁሩሙ ኑሮዋ በቡና ላይ የቆመ ወረዳ ስትሆን፣ ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. ከመዘገበው የያዩ የቡና ደን ባዮስፌር ክልል ወረዳዎችም አንዷ ናት። የቡናው ገንዘብ እጅ በሚገባበትና የጥር ሠርግ በሚቃረብበት ወቅት ለሙሽራ የሚገዛ ወርቅ ከሌላው ወጪ ሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል፤ የሚከፈለው ብዙ፣ የሚገዛው ዕቃ ግን መዳፍ የማይሞላ በመሆኑ አንድ ማታለል የዓመት ድካም ይዞ ይሄዳል።

ቀድሞ ግብይቱ ገንዘቡ ጠረጴዛ ላይ ተቆጥሮ የሚያልቅ ነበር። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረና የባንኮች የሞባይል አገልግሎት ከተስፋፋ ወዲህ ግን በጥሬ ብር ፈንታ የስልክ መልእክት መጣ፤ አጭበርባሪም የባንክን አጻጻፍ አስመስሎ ከተራ ቁጥር መልእክት መላክ፣ ወይም የተነካካ ስክሪንሾት ማሳየት ቻለ። ስለዚህ የወርቅ ሻጭነት ሙያ የመጀመሪያ ደንብ፣ ክፍያ ማለት በገዢው ስልክ ላይ የሚታየው ሳይሆን በሻጩ ሂሳብ ውስጥ የገባው ነው የሚለው ነው። የቴሌብር ማሳወቂያ ከ127 መምጣቱን ማየት ይጠቅማል፣ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ሻጩ የራሱን ሂሳብ ከፍቶ የገንዘቡን መጠንና የግብይት ቁጥሩን ማመሳከር አለበት።

ከባዱ ነገር ማጣራቱ ሳይሆን ሳያስከፉ ማጣራት ነው። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅባት እንደ መቱ ባለች ከተማ የሚታወቀውን አልፎ እንግዳውን ብቻ የሚያጣራ ሻጭ እንግዳውን ይሰድባል፣ በሚታወቀው ሰው ስም ለሚመጣ አታላይም በሩን ይከፍታል። መፍትሔው ሁሉንም በእኩል፣ ገዢው እያየ ማጣራትና ለገዢውም ተመሳሳይ መብት መስጠት ነው፤ እምነት የሚጸናው ሁለቱም ወገኖች ሲፈተሹ ነውና። ሚዛኑ ባዶውን ዜሮ ማሳየቱ ይታያል፤ ጌጡ ፈርጥ ካለው የፈርጡ ክብደት ይቀነሳል፤ የእጅ ዋጋ፣ ማለትም የአንጥረኛው የሥራ ክፍያ፣ ከወርቁ ዋጋ ተለይቶ ይነገራል። የወርቅ ንጽሕና መለኪያ የሆነው ካራትም ይብራራል፦ 24 ካራት ንጹሕ ወርቅ፣ 21 ካራት ከ1000 እጅ 875፣ 18 ካራት ደግሞ 750 እጅ ወርቅ ያለው ነው፤ ቁጥሩም በቀለበት ውስጠኛ ገጽ ታትሞ ሲገኝ ገዢው በአጉሊ መነጽር እንዲያነበው ዕቃው በእጁ ይሰጠዋል።

ሌላው ስስ ቦታ የሚስጥር ቁጥር ነው። ስልክ መነካካት ያልለመዱ አዛውንት ቀፎውን ከነሚስጥር ቁጥሩ ለሻጩ አሳልፈው ሲሰጡ ያ ትልቅ እምነት ነው፤ ጥሩ ሻጭ ግን አይቀበለውም። «ኦቦ፣ ቁጥሩን እርስዎ ራስዎ ይጫኑ» ብሎ ፊቱን ዘወር ያደርጋል፣ ወይም አብሮ የመጣ ልጃቸውን ይጠራል፤ ነገ ከሂሳባቸው ብር ቢጎድል ጥርጣሬው እሱ ላይ እንዳያርፍ ዛሬ ቁጥሩን አለማወቁ ይበጃል።

ኔትወርክ ሲቋረጥ ሁለቱም ይጨነቃሉ፤ ብሩ ከገዢው ሂሳብ ወጥቶ ወደ ሻጩ ያልደረሰ ሊመስል ይችላልና። ይህ ሊያጋጥም እንደሚችል ከክፍያው በፊት ተነግሮ፣ ወርቁ ተመዝኖና ታሽጎ በሁለቱም ፊት ይቆያል፤ ገዢውም ድጋሚ እንዳይልክ ይነገረዋል። ገንዘቡ መግባቱ ሲረጋገጥ ደረሰኙ ላይ ክብደቱ፣ ካራቱ፣ የእጅ ዋጋውና የግብይት ቁጥሩ ይሰፍራሉ፤ ወርቁ ከዓመታት በኋላ ሊሸጥ ወይም ሊለወጥ ሲመጣ የሚመዘነው ከዚያ ወረቀት ጋር እየተመሳከረ ነው።