ጥሩ መርማሪ ጤነኛውን ክንፍ አስቀድሞ ያዳምጣል

ከናይሮቢ በስተደቡብ ምዕራብ፣ በንጎንግ ኮረብቶች ላይ የኬንያው የኤሌክትሪክ አመንጪ ኩባንያ የኬንጄን የነፋስ ተርባይኖች ይሽከረከራሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 5.1 ሜጋ ዋት የነበረው ጣቢያ ዛሬ 25.5 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ክንፎቹ ከሩቅ ሲታዩ ወጥ ብረት ይመስላሉ እንጂ በሬዚን የተያያዘ የፋይበር ንብርብር፣ ማለትም ኮምፖዚት ናቸው። ብረት ሲጎዳ ይጎብጣል፣ ይዝጋል። ኮምፖዚት ግን ቀለሙ ሳይላጥ ውስጥ ውስጡን ሊላቀቅ ይችላል። ለዚህ ነው ጉዳቱ በጆሮ የሚፈለገው፤ አድማጩ ሥራውን ማወቅ አለማወቁን መለየትም የዚያኑ ያህል ያስፈልጋል።

ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ቀላሉ ትንሽ መዶሻ ነው። ባለሙያው በገመድ ተንጠልጥሎ ክንፉን ይመታል፤ ገበያ ላይ ምጣድ የምትገዛ ሴት በጣቷ መታ መታ አድርጋ ስንጥቁን እንደምትለየው ሁሉ እሱም ጥርት ያለውን ድምፅ ከታፈነው ይለያል። ችግሩ ክንፉ ሁሉም ቦታ ላይ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። መሐሉ ላይ የባልሳ እንጨት ወይም ፎም ያለበት ክፍል ጤነኛ ሆኖም ድምፁ የደነዘዘ ነው፤ ጠጣሩ ንብርብር ደግሞ ይጮኻል። ስለዚህ እጁን ይመልከቱ። የተጠራጠረውን ቦታ ከመፈረጁ በፊት በሌላው ክንፍ ላይ ያንኑ ቦታ መትቶ ያነጻጽራል? ከጤነኛው ወደ ታመመው እየመታ ድምፁ የሚለወጥበትን ጠርዝ በጠመኔ ያሰምራል? ሁለቱ ግማሾች በሙጫ የሚጋጠሙበትን የኋላ ጠርዝ የዘለለ ሰው ሥራውን ጨርሷል ማለት አይቻልም። መዶሻ ጥልቅ ጉዳት ሊያመልጠው እንደሚችል በሪፖርቱ የሚጽፍ ባለሙያ ደግሞ በእኔ ዘንድ ትልቅ ቦታ አለው።

ሁለተኛው መንገድ ክንፉ ጭነት ሲሸከም ራሱ የሚያሰማውን ድምፅ በሴንሰር መከታተል ነው። ሬዚን ሲሰነጠቅና ፋይበር ሲበጠስ የሚወጣው ሞገድ በአብዛኛው ከሰው ጆሮ በላይ ነው። እዚህ የባለሙያው ጥራት የሚታየው ገና ከዝግጅቱ ነው። የሜካኒካል እርሳስን 0.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጫፍ 3 ሚሊ ሜትር ያህል አውጥቶ፣ ከእያንዳንዱ ሴንሰር አጠገብ ገጽታው ላይ ደገፍ አድርጎ ይሰብረዋል። ሁሉም ሴንሰር ተቀራራቢ ምላሽ መስጠት አለበት፤ አንዱ ከደከመ ሴንሰሩን ከክንፉ ጋር የሚያገናኘው ግሪስ ደርቋል ወይም ሴንሰሩ ላልቷል። ፈቃድ ካገኙ እርሳሱን ይቀበሉና ባለሙያው በማያውቀው ቦታ ሰብረው ቦታውን ከስክሪኑ ላይ እንዲነግርዎ ይጠይቁ። ድምፅ በፋይበሩ አቅጣጫ ይፈጥናል፣ በወርዱ ይዘገያል፤ ይህን ሳይለካ የመጣ ሰው ጉዳቱን ከቦታው ርቆ ይፈልገዋል። የዝናቡንና የብሎኑን ድምፅ ለይቶ ማውጣትም የሱ ኃላፊነት ነው።

የሴንሰሮቹን ንባብ ለመተርጎም የጀርመኑ ዮሴፍ ካይዘር በ1950 ያስተዋለው ነገር ይረዳል፤ ብረት ቀድሞ የተሸከመውን ጭነት እስኪያልፍ ድረስ ዝም ይላል። የተጎዳ ኮምፖዚት ግን ቀድሞ ይናገራል። ቀደም ሲል 100 የተሸከመ ክንፍ አሁን 85 ላይ ድምፅ ማሰማት ከጀመረ፣ በመሐሉ አንድ ነገር ተለውጧል። ጭነቱ ባለበት ቆሞ ድምፁ የማያቋርጥ ከሆነ ይበልጥ ያሳስባል። ከድምፁ ጉልበት ብቻ ተነስቶ «ፋይበር ተበጥሷል» ብሎ የሚደመድመውን ግን አልቀበለውም፤ የተለያዩ ጉዳቶች ድምፃቸው ይደራረባል።

ሴንሰር መኖሩ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ታይታን የተባለችው ጠላቂ መርከብ የካርቦን ፋይበር ቀፎዋ ላይ እንዲህ ያሉ ሴንሰሮች ነበሯት። በ2022 ከአንድ ጉዞ ስትመለስ ኃይለኛ ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ በኋላ የተመዘገበው መረጃም ለውጥ ያሳይ ነበር። መረጃው በቅጡ ሳይመረመር ጉዞው ቀጠለ፤ በሰኔ 2023 አምስት ሰዎች ሞቱ። ስለዚህ ሪፖርት ሲቀበሉ ሦስት ነገር ይፈልጉበት፦ ክንፉ ጤነኛ ሳለ የተቀዳውን መነሻ፣ አሁን ከዚያ የራቀበትን መጠን፣ እንዲሁም ተርባይኑ በየትኛው ልክ እንደሚቆምና የማቆሙ ሥልጣን የማን እንደሆነ።