ከአንድ አውታር

ከተማችን ግንደወይን መብራት በጠፋ ምሽት ጭር ትላለች። ያን ጊዜ ስልኬ ላይ ያኖርኩትን የ«ዶክተር ሁ» መክፈቻ ሙዚቃ፣ የ1956ቱን ቅጂ፣ በማዳመጫ እሰማዋለሁ። የእንግሊዙ ቢቢሲ ይህን ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ማሳየት የጀመረው ኅዳር 13 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። ባለታሪኩ በሰማያዊ የፖሊስ ሳጥን ከዘመን ዘመን ይጓዛል፤ ሞት ሲደርስበት በሌላ መልክ፣ በሌላ ተዋናይ ይነሳል። ከክፍሎቹ የምወዳቸውም የማልወዳቸውም አሉ። መክፈቻውን ግን አንድም ቀን ዘልዬው አላውቅም።

ዜማውን የደረሰው ሮን ግሬይነር ነው። ለጆሮ ያበቃችው ግን ዴሊያ ደርቢሻየር ናት፤ በቢቢሲ የልዩ ድምፆች ክፍል፣ ከረዳቷ ከዲክ ሚልስ ጋር። በኤሌክትሮኒክ መንገድ ድምፅ የሚፈጥረው ሲንተሳይዘር ገና ገበያ አልወጣም ነበር። ከሥር የሚጋልበው ወፍራም ድምፅ በጣት ተመትቶ የተቀዳ አንድ አውታር ነው። እሷ ቅጂውን እያፈጠነችና እያዘገየች የዚህኑ ወፍራም ድምፅ ሌሎች ኖታዎች ከዚያው አወጣች፤ ከዚያ እያንዳንዱን በምላጭ ቆርጣ ቀጣጠለች። የዚያ ዘመን የስቱዲዮ መቅጃ ክር በሰከንድ 38 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሮጥ ነበር። ግማሽ ሰከንድ የሚቆይ ድምፅ ማለት 19 ሴንቲ ሜትር ክር ነው፤ ምቱ በማስመሪያ ይለካል ማለት ነው። አንዴ አንዲት ድምፅ ከቦታዋ ስታ ስታስቸግራቸው፣ ክሮቹን በረጅሙ ኮሪደር ጎን ለጎን ዘርግተው መጋጠሚያዎቹን እያስተያዩ ፈልገው አገኟት።

ወፍራሙን ድምፅ ልብ ብሎ ላዳመጠው፣ ምቱ ከማረፉ በፊት ከሥር ሸርተት የምትል ሌላ ድምፅ አለች። እሷን ለመስማት ስል ብቻ ስንቴ ወደ ኋላ መልሼዋለሁ!

ጎረቤታችን የነበሩት በገና ደርዳሪ የሚታወሱኝም እዚህ ላይ ነው። ዓቢይ ጾም ሲገባ በገናቸውን ከግድግዳ ያወርዱና ከእንዝራው ጋር ረጅም ጊዜ ይቆያሉ። በአውታሩና በበርኩማው መካከል የምትገባውን ቁራጭ ቆዳ በጥፍራቸው ገፋ፣ ጆሯቸውን ዘንበል፣ ደግሞ መለስ። ድንገት አውታሩ ያንን የንብ መንጋ የመሰለ ድምፁን ይሰጣል። ልጅ ሆኜ «መቼ ነው የሚጀምሩት?» እያልኩ እቁነጠነጥ ነበር።

ግሬይነር የደርቢሻየርን ሥራ ሲሰማ ስሟ ከስሙ ጎን እንዲጻፍ፣ ክፍያውንም እንድትካፈል ፈልጎ ነበር፤ የመሥሪያ ቤቱ ደንብ አልፈቀደም። በ1993 ዓ.ም. አረፈች። ስሟ በስክሪኑ ላይ የወጣው በኅዳር 2006፣ በ50ኛ ዓመቱ ልዩ ዝግጅት ነው። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የባለታሪኩ ሳጥን ሲነሳና ሲያርፍ የሚሰማው ሲቃም የዚያው የልዩ ድምፆች ክፍል የእጅ ሥራ ነው። ብራያን ሆጅሰን የእናቱን ቤት ቁልፍ በአሮጌ ፒያኖ ወፍራም አውታር ላይ እየፋቀ ቀዳው። መብራት ጠፍቶ፣ ውሻም ሳይጮህ ከሰሙት፣ የቁልፉ ብረት በአውታሩ ጥምጥም ላይ ቀጭ ቀጭ እያለ ሲሄድ ይለያል።