ሩት ነጋ፦ ከኦፌሊያ እስከ ሐምሌት

የተዋናይት ሩት ነጋ ስም ሲነሣ በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ ቀድሞ የሚመጣው የትውልዷ ነገር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከኢትዮጵያዊ ሐኪምና ከአየርላንዳዊት ነርስ ተወልዳ በአራት ዓመቷ ወደ አየርላንድ ሄደች፤ በሰባት ዓመቷም አባቷን በመኪና አደጋ አጣች። ታሪኩ ልብ ይነካል። ይሁንና ተዋናይትን በትውልዷ ብቻ «የእኛ» ማለት ሥራዋን ሳያዩ ማመስገን ነው።

በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ትወናን ተምራ ወደ ለንደን የተሻገረችው ሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በእንግሊዝ ብሔራዊ ቴአትር ኦፌሊያን ሆና ተጫወተች። ኦፌሊያ አባትና ወንድም የሚያዟት፣ በመጨረሻም አእምሮዋን ስታ የምትጠፋ ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ በደብሊን ጌት ቴአትር፣ ያኤል ፋርበር ባዘጋጀችው ትርኢት፣ ራሱን ሐምሌትን ሆና ቀረበች። ተውኔቱን በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም ያነበበ ሰው የዚህን እርምጃ ርቀት ይረዳል፤ ከምትታዘዘው ልጅ ወደ ጠያቂው ልዑል፣ ከጥቂት ቃል ወደ ቃል ጎርፍ ነው።

ነገር ግን ታላቁ ችሎታዋ በንግግር ብዛት አይለካም። ለኦስካር ያሳጫት የጄፍ ኒኮልስ ፊልም «ላቪንግ» (2016) የሚልድረድ ላቪንግን እውነተኛ ታሪክ ይተርካል። ሚልድረድ ነጭ ባል በማግባቷ እ.ኤ.አ. በ1958 በቨርጂኒያ ታሰረች፤ ክርክሩም በ1967 በጠቅላይ ፍርድ ቤት በዘር ምክንያት ጋብቻን የሚከለክለውን ሕግ አፈረሰ። ታሪኩ ለጩኸትና ለእንባ ይጋብዛል። ሩት ግን ሁለቱንም ትታ፣ አቀርቅራ የኖረች ሴት ቀስ በቀስ ቀና ስትል አሳየች። ጠበቃው በስልክ ሲያናግራት ደስታዋን ለማፈን የምትታገልበት ፊት ከብዙ ንግግር ይበልጣል። እስከ 2019 በዘለቀው «ፕሪቸር» በተሰኘው ተከታታይ ድራማ ግን ድብድቡና ፌዙ ለዚህ ዝምታ ቦታ ነፍገውታል።

በርቤካ ሆል «ፓሲንግ» (2021) ላይ ዝምታው መልኩን ይለውጣል። ጥቁርነቷን ደብቃ እንደ ነጭ የምትኖረው ክሌር ትስቃለች፣ ትጫወታለች፤ ከሳቋ ሥር ግን ፍርሃቷ ይታያል። ምሥጢሯ በተገለጠ ሰዓትም ሕይወቷን ታጣለች።

ይህ ፊልም ለጅቡቲ ከተማ ተመልካች ሩቅ አይደለም። ልጁን በቤት በአማርኛ፣ በትምህርት ቤት በፈረንሳይኛ፣ በሰፈር በሶማልኛ ወይም በአፋርኛ የሚያሳድግ ወላጅ «ልጄ የማን ይሆን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ክሌር አንዱን ክዳ ሌላውን በመምረጥ መለሰች፤ መልሱም አጠፋት። ሩት ግን የዌልሷን ዘፋኝ ሸርሊ ባሲን፣ የዴንማርኩን ልዑል፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በብሮድዌይ የስኮትላንዷን ሌዲ ማክቤዝ ስትሆን የአባቷን ስም ይዛ ነው። ስሙን ያስከበረውም ሥራዋ ነው። «የእኛ ናት» የሚላት ሁሉ መጀመሪያ ፊልሞቿን ይይ።