ፍቅርና ተወዳጅነት በቪዲዮ የሚና ጨዋታዎች

የተውኔት ተመልካች ከወንበሩ ሳይነሣ ያያል፣ ያዳምጣል፤ የቪዲዮ የሚና ጨዋታ ግን ተደራሲውን ራሱን ዋና ገጸ ባሕርይ አድርጎ ወደ ታሪኩ ያስገባዋል። በጉዞው የሚከተሉት ጓዶች አሉት፤ ያወጋቸዋል፣ ይጣላቸዋል፣ ከአንዳንዶቹም ጋር ይፋቀራል። በተጫዋቾች ዘንድ ስማቸው ገንኖ የሚነሣው ጓዶች ብዙውን ጊዜ እነዚሁ የሚፈቀሩት ናቸው። ከዚህ በመነሣት የፍቅር ታሪክ የገባለት ገጸ ባሕርይ ሁሉ መወደዱ አይቀርም የሚል አስተሳሰብ ሊያድር ይችላል። ይህ ግን ምክንያቱን ከውጤቱ ማደባለቅ ነው።

የካናዳው ባዮዌር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው «ባልዱርስ ጌት 2» ለተወሰኑ ጓዶች ደረጃ በደረጃ የሚያድግ የፍቅር ንግግር ተጻፈላቸው። ፍቅር የተጻፈለት ገጸ ባሕርይ ከሌሎቹ የበለጠ ቃለ ተውኔት ያገኛል፤ ያለፈ ሕይወቱን ይተርካል፣ ሥጋቱን ይገልጣል፣ በመጨረሻም ይለወጣል። ተጫዋቹ የሚወድደውም ይህንኑ ምሉዕ ሰው ነው። እንግዲህ የተወዳጅነቱ ቀዳሚ ምክንያት መሳሙ ሳይሆን ደራሲው ስለ እርሱ የደከመው ድካም ነው።

ለዚህ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው «ማስ ኢፌክት» ውስጥ ጋረስ ቫኬሪያን ከሌላ ዓለም የመጣ፣ ተጫዋቹ በፍቅር ሊቀርበው የማይችል የጸጥታ መርማሪ ነበር። ሆኖም ተወደደ፤ የፍቅር ታሪክ የተጨመረለት በ2010 በወጣው ሁለተኛ ክፍል ነው። በ2011 የወጣው «ድራገን ኤጅ 2» ተራኪ፣ ድንኩ ቫሪክ ደግሞ የተጫዋቹ ፍቅረኛ ሊሆን ከቶ አይችልም። ቀስቱን ቢያንካ ብሎ ሰይሟታል፤ የስሙን ታሪክ ግን አይናገርም። የልቡን ጓዳ መዝጋቱ ይበልጥ ሰው አደረገው እንጂ አላስጠላውም።

ይሁን እንጂ ፍቅር ራሱ የታሪኩ ግጭት ሲሆን ኃይሉ የጎላ ነው። የቤልጅጉ ላሪያን እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው «ባልዱርስ ጌት 3» ውስጥ አስታሪየን ለ200 ዓመታት የጌታው ባሪያ ሆኖ፣ በውበቱ ሰዎችን እያጠመደ ሲያቀርብ የኖረ ደም መጣጭ ነው። ተጫዋቹንም መጀመሪያ የሚያባብለው ከለላ ፈልጎ ነው፤ የፍቅር ቃሉ ሰም፣ ፍርሃቱ ወርቅ ነው። ኋላ ማታለሉን ሲናዘዝ ታሪኩ ከሥጋ ፈቃድ ወደ ነጻነት ጥያቄ ይሸጋገራል። ሚናውን የተጫወተው ኒል ኒውቦን በዚያው ዓመት በጌም አዋርድስ የምርጥ ትወና ሽልማት ተቀብሏል።

አደጋው ያለው ፍቅር ወደ ስሌት ሲወርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው «ድራገን ኤጅ፦ ኦሪጅንስ» ለጓድ ስጦታ በተሰጠ ቁጥር የመውደዱ ነጥብ ከፍ ይላል። በዚህ ብቻ ቢቀር ኖሮ ተፈቃሪው ዋጋ የተለጠፈበት ሸቀጥ በሆነ ነበር። ነገር ግን በዚያው ጨዋታ ውስጥ አሊስተር፣ የሚጠላው ሎጌን በሕይወት እንዲተርፍ ከተደረገ፣ የወደደውን እንኳ ትቶ ሊሄድ ይችላል። ስጦታው ሁሉ አያስቀረውም። እምቢ ማለት የማይችል ገጸ ባሕርይ እሺታውም ክብደት የለውም። ስለዚህ ለእነዚህ ጨዋታዎች የሚጽፉ ደራሲያን ገጸ ባሕርዩ በማን እንደሚፈቀር ከመወሰናቸው አስቀድሞ በምን ምክንያት ጥሎ እንደሚሄድ ሊያውቁ ይገባል።