ቀሪዋ ቁጥር

2018 ሰባቶች እርስ በርስ ቢባዙ የውጤቱ የመጨረሻ አኃዝ ስንት ነው? ቦንጋ ውስጥ ለፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ ይህን በማባዛት አይዘልቀውም። መጨረሻዎቹን ብቻ ይጻፋቸው፦ 7፣ 9፣ 3፣ 1፤ ከዚያ እንደገና 7። ዙሩ አራት ነው። 2018 ለ4 ሲካፈል 2 ይቀራል፤ መልሱ ሁለተኛው አኃዝ፣ 9።

እንዴት ደስ ይላል!

ይህችኑ ቀሪ የባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የዘመን ስሌት፣ ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ ያውቋታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሚቆጥሩት 5500 ዓመት ላይ ዓመተ ምሕረቱ 2018 ሲደመር 7518 ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል፦ ዘመነ ማርቆስ። 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ይሆን ነበር። 7518 እና 1879 ተደምረው ለ7 ሲካፈሉ ደግሞ 3 ይቀራል። ማክሰኞን አንድ ብሎ ለሚቆጥር ሦስተኛው ሐሙስ ነው፤ የ2018 እንቁጣጣሽም በቦንጋም በጎንደርም ሐሙስ ዋለ።