ጠቁሮ የማይከብድ

ጥቁር ቢራ ሲቀርብለት «ይሄ ይከብደኛል» ብሎ ብርጭቆውን የሚገፋ ሰው ብዙ ነው። ያታለለው ዓይኑ ነው። ጥቁሮቹ የጀርመን ቢራዎች፣ የሙኒኩ ዱንክልም ሆነ የቱሪንጊያው ሽቫርትዝቢር፣ አልኮላቸው 5 በመቶ ገደማ ነው፤ ከቢጫው ቢራ አይበልጡም። ጠላ ሲጠመቅ እያየ ያደገ ሰው ምስጢሩ አይጠፋውም፤ አሻሮው ሲጠቁር ጠላው ይጠቁራል፣ ስለጠቆረ ግን ይበልጥ አያሰክርም። ሙኒክ ራሷ ለብዙ ዘመን የምትጠጣው ጥቁሩን ነበር። የከተማዋ ጠማቂ ሽፓተን ቢጫውን «ሄለስ» ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1894 ነው።

መጀመሪያ ብርጭቆውን ወደ መብራት አንሱት። ጥሩ ዱንክል ጠርዙ ላይ እንደ ፍም ቀላ ይላል። ሽቫርትዝቢር ይበልጥ ቢጠቁርም ድፍርስ መሆን የለበትም። አረፋው የማኪያቶ መልክ ይኖረዋል። ከአረፋው በታች፣ ቢራው ውስጥ፣ ከብርጭቆው ግድግዳ ጋር የተጣበቁ የጋዝ ኳሶች ካያችሁ ግን ጠማቂውን አትውቀሱ፤ ብርጭቆው በደንብ አልታጠበም።

ከዚያ አሽትቱት። ድፎ ዳቦ ተነሥቶ ቅርፊቱ ሲቆረስ የሚመጣውን ሽታ ፈልጉ። ይህን የሚሰጠው የሙኒክ ብቅል የሚባለው ነው። የቆየውን ዘዴ ያልተዉ ጠማቂዎች ደግሞ ከድፍድፉ ከፊሉን ቀንሰው፣ አፍልተው ይመልሱታል፤ የቅርፊቱ ጣዕም የሚጠልቀው ያኔ ነው። የቅቤ፣ የተቀቀለ በቆሎ ወይም የራሰ ካርቶን ሽታ ከመጣ ቢራው ተበላሽቷል።

እኔ ፍርዴን የምሰጠው ግን ከዋጥኩ በኋላ ነው። ምላስ ላይ ለዘብ ብሎ ገብቶ፣ ሲወርድ ደረቅ ብሎ መጥፋት አለበት። ሁለቱም «ላገር» የሚባሉ ቢራዎች ናቸው፤ ቃሉ የመጣው ከማከማቸት ነው፤ እርሾው በቅዝቃዜ ቀስ ብሎ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ቢራው ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ለሳምንታት ይተኛል፣ ጥራቱም ከዚያ እንቅልፍ ነው። ሽቫርትዝቢር ላይ የቡናና የመራራ ቸኮሌት ፍንጭ ደግ ነው። አመድ አመድ ካለ ግን ብቅሉ አርሯል። ብልህ ጠማቂ ገለባው ተነሥቶለት የተቆላ ብቅል ተጠቅሞ ከዚህ ይድናል። የባድ ኮስትሪትዙ ቢራ፣ እ.ኤ.አ. ከ1543 ጀምሮ የሚታወቀው፣ ለሽቫርትዝቢር ጥሩ መለኪያ ነው። ገጣሚው ጎተ ታሞ ምግብ እምቢ ባለው ጊዜ በዚህ ቢራ ቆየ ይባላል፤ ለማስታወቂያ እንጂ ለሐኪም የሚሆን ወሬ አይመስለኝም።

አንድ ጊዜ ብርጭቆው በረዶ እስኪይዝ የቀዘቀዘ ዱንክል ቀረበልኝና ውኃ ውኃ አለኝ። ጨዋታ ይዞኝ ረሳሁት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ስቀምሰው ዳቦው መጥቷል። ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ይበቃዋል።

ስትገዙም ከስሙ በፊት ቀኑን እዩ፤ መደርደሪያ ላይ ዓመት ከከረመ ዝነኛ ቢራ፣ በቅርብ የተሞላው ስም የለሽ ይሻላል።