«የሚዛን መዛባት» ስለተባለው ስያሜ

የሕክምና ጽሑፎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ «የሚዛን መዛባት» የተሰኘው ሐረግ ለልዩ ልዩ ምልክቶች ሁሉ በአንድነት ሲሠራበት እናያለን። ስያሜው ስሕተት ባይሆንም ሐኪሙ አንዱን የነርቭ ሕመም ከሌላው የሚለይበትን ፍንጭ ይሰውራል።

ከደብረ ታቦር ደጋ ወደ ፎገራ ሜዳ ብንወርድ ጉዳዩ ይገለጣል። ፎገራ፣ ከደምቢያ ጋር፣ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት የጓያ ሽባነት ጥናት የተካተተ ወረዳ ነው። ሕዝቡ «ጓያ ሰበረው» ይላል፤ የተሰበረ አጥንት ግን የለም። ተርጓሚው «ስብራት» ብሎ ቢመልሰው በሽተኛውን ወደ ወጌሻ ይልከዋል። ታማሚው በትር ተደግፎ በእግሩ ጣቶች ሲራመድ እግሮቹ እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ፤ የሚጥለው የጡንቻ ግትርነት እንጂ የስሜት መደንዘዝ አይደለም። ትንሹ አንጎሉ የታመመበት ሰው ግን እግሮቹን አራርቆ ይንገዳገዳል፤ የፓርኪንሰን ሕመምተኛ ደግሞ አጎንብሶ፣ እግሩን እየጎተተ ይሄዳል፤ ጥቂት ቢገፋም ራሱን መመለስ ያቅተዋል።

እንግዲህ «ሚዛን» ለጠቅላላው ይቆይ፤ ለመጀመሪያው «ግትር አካሄድ»፣ ለሁለተኛው «መንገዳገድ» እንዲባል እናሳስባለን። መንገዳገድ ስካርን ያስታውሳል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፤ መጠጥም የሚያውከው ያንኑ ትንሹን አንጎል ስለሆነ ነቀፌታው ለቃሉ ድጋፍ ይሆነዋል። ለሦስተኛው «ሲገፋ መውደቅ» ያለውን ግልጽ ሐረግ ከማንኛውም አዲስ ፈጠራ እንመርጣለን።